ያማረው ሥዕል ከየት መጣ?



ውድ እህትና ወንድሞች፣ የዚህ እትም ሐሳባችን የሚጀምረው ከራሳችን ስህተት ነው። ባለፈው ረመዷን ለጋራ ኢፍጣር የጥሪ ማስታወቂያ አስፈልጎን ነበር። ጊዜ ስላጠረን ከኮሚቴው አንዱ ወንድማችን በስልኩ ሥዕል የሚሠራ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መተግበሪያ ከፍቶ ሁለት መስመር ጻፈበት። ደቂቃ ሳይሞላ ፋኖስና ጨረቃ፣ ዳሩን የዞረ ባለ ወርቅ የኮከብ ሐረግ፣ ከላይ ደግሞ ግርማ ያለው የዐረብኛ ጽሑፍ የያዘ ሥዕል ወጣ። ሁላችንም ወደድነው። አሳተምነውና ከግቢ ውጭ በምንሰበሰብበት ቤት በር ላይ ለጠፍነው።

በማግስቱ ከወሎ የመጣ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ሉህ ይዞ የቀራ የመጀመሪያ ዓመት ወንድማችን ሥዕሉ ፊት ቆሞ ቆየ። ከዚያ "ምን ይላል?" ብሎ ጠየቀን። "አንተ አንብብልን እንጂ!" አልነው። "እኔማ አቃተኝ። ፊደል ይመስላል እንጂ ፊደል አይደለም" አለ። ቀርበን አየነው። አሊፍ የሚመስል ጭረት፣ ላም የሚመስል ቅስት፣ ያለ ቦታቸው የተበተኑ ነጥቦች አሉ። ቃል ግን የለም። ሁላችንም አይተነዋል፤ ያነበበው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው።

ማንም ክፉ አላሰበም። ይበልጥ ያስተማረን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ሥዕሉን ያወጣውን ወንድማችንን "ሌላው ይቅር፣ ጽሑፉን ብቻ አስተካክለው" አልነው። አልቻለም። "እንደገና" የሚለውን በተጫነ ቁጥር ሌላ ፋኖስ፣ ሌላ ኮከብና ሌላ የማይነበብ ጽሑፍ ይመጣል። የትኛው መስመር ስህተቱን እንደወለደው የሚያሳይ፣ እጃችንን አስገብተን የምናርምበት ቦታ አልነበረም። በመጨረሻ ማስታወቂያውን አውርደን በነጭ ወረቀት ላይ በማርከር ጻፍን።

መሣሪያውን ለመኮነን አይደለም ይህን የምንጽፈው። አቋማችን ይህ ነው፦ በኮምፒውተር የሚሠራ ጥበብ ውበቱ ስክሪኑ ላይ በሚታየው ብቻ አይለካም። ከሥዕሉ ጀርባ ያለው ኮድ የሚነበብ፣ የሚብራራና የሚታረም መሆኑ የውበቱ ግማሽ ነው። የጀመዓችን ስም ተጽፎበት በር ላይ የሚለጠፍ ነገር ደግሞ ሁለቱም ግማሾች ሊኖሩት ይገባል።

ኮድ ያልተማራችሁ አትራቁን። ኮድ ማለት ለኮምፒውተር በቅደም ተከተል የሚጻፍ ትእዛዝ ነው፤ ውበቱን ለማየት ደግሞ እርሳስና ወረቀት ይበቃል። አንድ ክብ ሣሉ። ዙሪያውን በ8 እኩል ክፈሉና ነጥቦቹን ከ0 እስከ 7 ቁጠሯቸው። ክብ 360 ዲግሪ ስለሆነ በሁለት ነጥቦች መካከል 45 ዲግሪ አለ። አሁን ከ0 ተነሡና እርሳሱን ሳታነሡ በየ3 ነጥብ ዝለሉ፦ 0፣ 3፣ 6፣ 1፣ 4፣ 7፣ 2፣ 5፣ ከዚያ ተመልሶ 0። በመስጂድ በርና በቁርኣን ሽፋን ላይ የምናውቀው ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ በአንድ መስመር ይወጣል። በ3 ፋንታ በ2 ብትዘልሉ ግን 0፣ 2፣ 4፣ 6 ብላችሁ ተመልሳችሁ 0 ላይ ትቆማላችሁ። የወጣላችሁ አራት ማዕዘን ብቻ ነው፤ ኮከብ ለማግኘት ከ1 ተነሥታችሁ ሌላ አራት ማዕዘን መሣል አለባችሁ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ 8 እና 2 የጋራ አካፋይ አላቸው፣ 8 እና 3 ግን ከ1 በቀር የላቸውም። ስምንተኛ ክፍል የተማርነው ሒሳብ ኮከብ ሆኖ ይታያል።

ይኸው ወደ ኮድ ሲቀየር እንዲህ ይነበባል፦

ጫፍ = 8
ዝላይ = 3
እርምጃ = 360 ÷ ጫፍ
ከ0 ጀምረህ ጫፍ ያህል ጊዜ ድገም፦
ዝላይ ያህል ነጥብ እለፍ፣ መስመር ስበህ አገናኝ

አምስት መስመር ነው። 8 እና 3ን ወደ 10 እና 3 ብትቀይሩ ባለ አሥር ጫፍ ኮከብ ይወጣል፤ ወደ 12 እና 5 ብትቀይሩ ባለ አሥራ ሁለት ጫፍ። ሁለት ቁጥር ሲነካ ግድግዳው በሙሉ ይለወጣል። የኮድ ውበት የምንለው አንዱ ይህ ነው፦ ትንሽ ሕግ ትልቅ ነገር ይወልዳል፣ ሕጉም ሳይደበቅ ለሚያነበው ሁሉ ይታያል።

ስህተቱም ይታያል። ከማስታወቂያው በኋላ ይህንን ኮከብ በላፕቶፕ ለመሥራት ስንሞክር የነጥቦቹ ዙር መጨረሻ ከመጀመሪያው ጋር አልገጥም አለ። አንዲት እህታችን ክፍተቱን አይታ "8 ዲግሪ ይጎድላል፤ 45 ማለት ሲገባችሁ 44 ብላችሁ ይሆናል" አለች። እውነትም እርምጃውን ኮምፒውተሩ እንዲያሰላው ሳናደርግ በእጃችን 44 ብለን ጽፈን ነበር፤ 8 ጊዜ 44 ደግሞ 352 ነው። ቁጥሩን አረምን፣ ኮከቡ ገጠመ። በዚያ ሥዕል ላይ ሰዓታት ፈጅተን ያላገኘነውን ማረሚያ እዚህ በደቂቃ አገኘነው።

ሕግን ጽፎ ከሕጉ ሥዕል ማውጣት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አልጎሪዝም የሚለው ቃል በ9ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ ከሠራው ከአል-ኸዋሪዝሚ ስም የመጣ መሆኑን ብዙዎቻችን ሰምተናል። ብዙ ያልተነገረለት ግን በኢስታንቡል በቶፕካፒ ቤተ መንግሥት የተቀመጠው ጥቅልል ነው። ከ500 ዓመት ገደማ በፊት የተሠራው ይህ ጥቅልል ለሕንፃ ጌጥ የሚሆኑ 114 ንድፎችን ይዟል። ቀለም ከነካው ሥዕል ሥር ደግሞ ያለ ቀለም በሹል ነገር የተጫሩ መስመሮች አሉ፤ ክቦቹና ማካፈያዎቹ፣ ማለትም ሥዕሉ እንዴት እንደተገኘ የሚያሳዩ። መምህሩ ለተማሪው ኮከቡን ብቻ አላወረሰውም፣ መንገዱንም አብሮ አወረሰው። በዛሬ ቋንቋ ምንጭ ኮዱ ከሥዕሉ ጋር ተያይዟል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 ፒተር ሉ እና ፖል ስታይንሃርት የተባሉ ተመራማሪዎች ሳይንስ በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ የዚያ ዘመን ባለሙያዎች ጊሪህ የሚባለውን ሐረግ እያንዳንዱን መስመር በማስመሪያ እየለኩ ብቻ ሳይሆን በአምስት ዓይነት ቅርጾች እየገጣጠሙ ሊሠሩት እንደሚችሉ አሳዩ። በኢስፋሃን ያለውንና በ1453 የተሠራውን የደርብ ኢማም ሐረግም ራሱን በመደበኛ መንገድ ከማይደግም፣ የምዕራብ ሒሳብ በ1970ዎቹ ከደረሰበት አገጣጠም ጋር አነጻጸሩት። ይህን የምንጠቅሰው "የእኛ ሰዎች ቀድመዋል" ብለን ለመኩራራት አይደለም። ቀድመው የሠሩት ሕጉን ስለሚያውቁ ነበር፤ እኛ ሕጉን ሳናውቅ መልኩን ብቻ ካወረድን የወረስነው ግድግዳውን እንጂ ጥበቡን አይደለም።

ጥበብ ካልን ደግሞ ቃሉ ራሱ ይናገራል። በአማርኛ ጥበብ ዕውቀት ነው፣ ኪነት ነው፣ የነጠላና የቀሚስ ጥለትም ነው። ሸማኔው የጥለቱን ቅርጽ የሚያወጣው ድሩን ቆጥሮ፣ ማጉን በስንት ክር ላይ እንደሚያሳልፍ አስልቶ ነው። በፈረንሳይም በ1804 አካባቢ የወጣው የጃካርድ የሽመና መሣሪያ የጥለቱን ቁጥር በተበሳ ካርድ ላይ ይይዝ ነበር፤ የተበሳው ካርድ በኋላ ለመጀመሪያዎቹ የስሌት ማሽኖች ትእዛዝ መስጫ ሆነ። ኮምፒውተርና ሽመና ከጥንትም ዘመዳሞች ናቸው። የኢንተርኔቱን ገጽ "ድረ ገጽ" ያልነውም ያለ ነገር አይደለም።

ከእኛው ሰፈርም እንጨምር። ከጀመዓችን አንዲት እህት የጊንጪ ልጅ ናት። እናቷ ስፌት ይሰፋሉ። የኮከቡን ነገር ስንነግራት ሳቀችና "ይህንንማ እናቴ በየቀኑ ትሠራዋለች" አለችን። አክርማና ስንደዶ እየጠቀለሉ፣ በወስፌ እየወጉ ከመሐል ወደ ዳር በዙር ይሄዳሉ። ሦስት ቀይ አለላ፣ አንድ ነጭ፣ ሦስት ቀይ፣ አንድ ነጭ። ዙሩ በሰፋ ቁጥር ቁጥሩም አብሮ ማደግ አለበት፤ ካላደገ ቅርጹ ይጣመማል። ልጅቱ ስትማር ሁልጊዜ የሚሏት አንድ ነገር ነበር፦ መሐል ላይ የሳትሽው ቁጥር ዳር ላይ ይወጣብሻል። እኛ አራት ዓመት ፕሮግራሚንግ ስንማር ከዚህ የተሻለ የስህተት ትምህርት አልሰማንም። የሐረር እናቶችም ግድግዳ ሙሉ የሚያስጌጡበት ስፌት በዚሁ በቁጥር የሚሠራ ነው። ወረቀት ላይ አልተጻፈም እንጂ ኮዱ አለ፤ የሚኖረውም በእጃቸውና በቃላቸው ነው።

የደንዲን ሐይቅ ከተራራው ላይ ሆናችሁ ያያችሁም ታስታውሱታላችሁ፦ ሁለት ክቦች ተገናኝተው ስምንት ቁጥር ይመስላሉ። የጂኦሜትሪ ሐረግ የሚሠራ ሰው ኮምፓሱን ይዞ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሥለው ይህንኑ ነው፤ የተገናኙ ሁለት ክቦች። አላህ በዙሪያችን ያኖረውን መልክ ለማጥናት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም።

በቅርብ ዘመን በኮድ ጥበብ የሠሩ ሰዎችም ተመሳሳይ ነገር ያሳዩናል። በ1924 ቡዳፔስት የተወለደችው ቬራ ሞልናር በ1968 ኮምፒውተር ከማግኘቷ በፊት ለዓመታት በምናቧ ማሽን አስቀምጣ ሕጉን ጽፋ ሥዕሉን በእጇ ታወጣ ነበር። ላፕቶፕ የለኝም ለምንል መልስ ናት። በ1936 ኢየሩሳሌም የተወለደችው ፍልስጥኤማዊቷ ሠዓሊ ሳሚያ ሐለቢ በ1986፣ ዕድሜዋ ወደ 50 ሲሆን፣ አሚጋ የተባለ ኮምፒውተር ገዝታ ቤዚክና ሲ ቋንቋን ራሷን አስተማረች፤ በስክሪን ላይ የሚንቀሳቀሱ፣ ድምፅ ያላቸው ሥዕሎችንም ሠራች። የሌላ ሰው ፕሮግራም ከፍታ መሣል አላቃታትም ነበር። ኮዱን ራሷ መጻፍን መረጠች።

ሦስተኛው ለእኛ በጣም የሚቀርብ ነው። ራምዚ ናስር የተባለ የፕሮግራም ባለሙያ በ2010ሮቹ መጀመሪያ "ቀልብ" የተባለ፣ ትእዛዙ በሙሉ በዐረብኛ የሚጻፍ የፕሮግራም ቋንቋ ሠራ። በዚያ ቋንቋ የጻፋቸውን አጫጭር አልጎሪዝሞች ደግሞ በማዕዘናዊ የኩፊ ጽሕፈት እንደ ሐረግ አስጌጣቸው። እዚህ ላይ ኮዱ ሥዕል ነው፣ ሥዕሉም የሚነበብ ኮድ ነው። እኛ በር ላይ ከለጠፍነው ጋር አነጻጽሩት፦ የእኛው ጽሑፍ መስሎ ጽሑፍ አልነበረም፤ የእርሱ ጌጥ መስሎ እያንዳንዱ ፊደል ሥራ አለው።

ናስር ያንን ሲሠራ የኮምፒውተር ዓለም ለእንግሊዝኛ ፊደል ምን ያህል እንደተሰፋም አሳይቷል። እኛም እናውቀዋለን። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ከዚያ በፊት አንዱ ኮምፒውተር ላይ የተጻፈ አማርኛ ሌላው ላይ ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። ዛሬ ግን ፓይተን 3 ላይ "ጫፍ = 8" ብላችሁ ብትጽፉ ይሠራል። ትእዛዞቹ እንግሊዝኛ ቢሆኑም የነገሮቹን ስም በአማርኛ ማውጣት ይቻላል፤ በአፋን ኦሮሞ በቁቤ መጻፍማ ከመጀመሪያውም የሚከለክለው አልነበረም። ግን ስንቶቻችን ሞክረናል? ፕሮጀክቶቻችንን ብንከፍት የምናገኘው "ኤ"፣ "ቢ"፣ "ቴምፕ 1"፣ "ቴምፕ 2" ነው። ስም የሌለው ነገር ነገ ለራሳችንም እንግዳ ነው።

እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር። የመመረቂያ ፕሮጀክት ከሴኒየር በፍላሽ ይመጣል፤ ሽፋኑ ላይ ስም ይቀየራል፤ ኮዱ ውስጥ ግን የሌላ ሰው ስም ይቀራል። መምህሩ "ይህ መስመር ምን ይሠራል?" ብሎ ሲጠይቅ የሚሆነውን ዝምታ ከመካከላችን ያላየው ጥቂት ነው። ፕሮጀክቱ ይሠራል፤ እኛ ግን አልሠራነውም። ስለ ኢሕሳን በየሳምንቱ ደርስ እንሰማለን፤ ሰው በማያየው ቦታ ሥራን ማሳመር ማለት መሆኑን እናውቃለን። ኮድ ደግሞ ተጠቃሚው የማያየው የሥራው ክፍል ነው። ከዚህ የበለጠ የኢሕሳን መፈተኛ ለአንድ የኮምፒውተር ተማሪ የት ይገኛል?

"ኮድ ከሠራ ይበቃል፤ ውበት ቅንጦት ነው፤ እኛ ሥራ ፈላጊዎች ነን" የሚሉን አሉ። ጭንቀታቸውን እንጋራለን። ነገር ግን ዶናልድ ክኑት በ1974 የቱሪንግን ሽልማት ሲቀበል ያደረገው ንግግር ፕሮግራም መጻፍ ኪነት ስለመሆኑ ነበር፤ በሙያው ካሉ ትልልቅ ስሞች አንዱ ይህን ቅንጦት ብሎ አላለፈውም። ደግሞም የሚነበብ ኮድ መጻፍ የሚችል ሰው ቀጣሪ ፊት ሥራውን ማስረዳት ይችላል።

"መብራት ይጠፋል፣ ኢንተርኔት ውድ ነው" የሚሉም አሉ። ይህ እንዲያውም ለእኛ ሐሳብ ይመሰክራል። ያ ሥዕል ያለ ኢንተርኔት አይወጣም። የአምስት መስመሩ ኮከብ ግን አንድ ኪሎባይት አይሞላም፤ ፓይተን ሲጫን አብሮ በሚመጣው "ተርትል" ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ኬሲ ሪያስና ቤን ፍራይ በ2001 የጀመሩት "ፕሮሰሲንግ" የተባለው የሠዓሊዎች መሣሪያም በነፃ ነው፤ አንድ ሰው ካወረደው በፍላሽ ለሁላችን ይዳረሳል። መብራት ከጠፋም ኮምፓስና እርሳስ አለ።

"አርቴፊሻል ኢንተለጀንሱ ኮዱንም ይጽፍልናል" ለሚሉትም፦ ይጻፍላችሁ፣ ግን አንብቡት። ኮዱን ጠይቃችሁ፣ እያንዳንዱን መስመር ተረድታችሁ፣ 44ቱን 45 ማድረግ ከቻላችሁ ሥራው የእናንተ ሆኗል። የምንቃወመው ማንም ያላነበበውን በጀመዓ ስም መለጠፍን ነው።

እንግዲህ ለሚቀጥለው የትምህርት ዘመን ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ የሚቀጥለው እትም ሽፋን ከእናንተ በሚመጣ፣ በኮድ በተሠራ ሐረግ ይሁን፤ ኮዱም በመጨረሻው ገጽ አብሮ ይታተም። ከ40 መስመር አይብለጥ፤ ስሞቹ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ይሁኑ፤ ከሠራው ሰው ሌላ ሁለት ሰው አንብቦ ማስረዳት ይቻለው። ሁለተኛ፣ የዐረብኛ ጽሑፍ ያለበት ማንኛውም ማስታወቂያ በሚያነብ ሰው ይጻፍ፣ በኡስታዝ ይታይ፣ ከዚያ ይለጠፍ። ይህ ላይ ድርድር የለም። ሦስተኛ፣ ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ ስፌት ከሚሰፉ እናቶቻችንና ሸማኔ ከሆኑ አባቶቻችን ዘንድ ተቀምጠን ቁጥሩን እንጠይቅ፤ ስንት ቀይ፣ ስንት ነጭ፣ ዙሩ ሲሰፋ ምን ይጨመራል? በደብተር ጽፈን እናምጣው፤ እዚህ ወደ ኮድ እንቀይረዋለን፣ የተማርንባቸውንም እናመሰግናለን።

ኮዱን ብቻውን የሚሠራ ሰው ይደክመዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ያ ከወሎ የመጣው ወንድማችን ፊደሉን ያርማል፣ ያቺ እህታችን 8 ዲግሪውን ታያለች፣ የጊንጪዋ እህት የእናቷን ቁጥር ታመጣለች። በሚቀጥለው ረመዷን ያው በር ላይ ማስታወቂያ እንለጥፋለን ኢንሻአላህ። አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ፊቱ ቆሞ "ምን ይላል?" ብሎ ሲጠይቀን ሁላችንም የምንመልስለት ይኑረን።